ደምለው የወሰደብኝ ዱዓ

ደምለው፣

ወላሂ ቀናሁብህ! ሐርቡ ላይ ያስቆፈርከው ጉድጓድ ውሃ እንደወጣው እናቴ በስልክ ነገረችኝ። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገውልህ ስሙንም «የደምለው ውሃ» አሉት አሉ። ሐርቡ የእናቴ አገር ሆኖ ዱዓው ላንተ ለደሴ ሰኞ ገበያ ሰፈር ልጅ?

እኔ ይኸው ኖርዌይ ባሕር ላይ ነኝ። መርከባችን ጋዝ ፍለጋ የታመቀ አየር ውሃው ውስጥ ታፈነዳለች፤ ድምፁ ከባሕሩ ወለል በታች ካለው አለት ነጥሮ ሲመለስ ከኋላችን የምንጎትተው ረጅም ገመድ ያዳምጠዋል። ያው አንተና እኔ ቢስቲማ ላይ ውሃ ስንፈልግ፣ ብረት በመዶሻ እየመታን መሬቱን እናዳምጥ እንደነበረው ነው። ዛሬ አንድ ዓሣ ነባሪ ብቅ አለና፣ እንዳይደነግጥ ተብሎ ሥራው ሁሉ ቆመ። በሱም ቀናሁ! ቢስቲማ ላይ ገበያተኛውን «ኮቴያችሁ እንዳይረብሸን ለአፍታ ቁሙልን» ብለን ስንለምን፣ ሰዉ ቆሞልን አህዮቹ ነበሩ የምናዳምጥበትን ሽቦ ረግጠው የሚያልፉት። ለአህያ ማን ይነግረዋል?

መርከቧ ጸጥ ስትል አንተን አሰብኩ። እኔ እዚህ የማገኘው ጋዝ ስሙ ቁጥር ነው። ማንም በጀሪካን አይቀዳውም፤ ማንም አይመርቀኝም።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላብኝ። የእናትህን የእትዬ ሰርካዲስን ጉልበት ሳምልኝ። የቢስቲማውን ጉድጓድ ሳልመጣ እንዳታስጀምር ልልህ ነበር፤ ግን ሰዉ ተጠምቷል፣ አስቆፍር። ብቻ ውሃው ሲወጣ ደውልልኝና ስልኩን ወደ እልልታው አዙረው። ባሕር ሙሉ ጆሮ ዘርግቼ የሐርቡው አልተሰማኝም።

ሳሚያ