አባባ ለፍላውንደር በወጡበት ቀን የተናገሩት

ለውድ ወንድሜ ለሃርላን፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከረምክ እላለሁ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ በብርድ የሚነሳብህ ትከሻህስ ተሻለህ? ሼሪል ደህና ናት? ልጃችሁ ጁንስ? ሃያ ዓመት ሳይሞላት አልቀረም፤ ፎቶዋ ከደረሰኝ እንኳ አራት ገና አልፏል። አላስካ በሰኔም ብርዱ አይለቅም ሲሉ እሰማለሁ፤ አንተ ግን ይኸው ዕድሜህን ለምደኸው ይሆናል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ባለቤቴ ክላይድ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ደህና ነው፤ ዛሬም ከመኪና ሥር አይወጣም። የአባባ ነገር ግን እንደ ድሮው አይደለም። ልባቸው ደክሟል፣ እግራቸው ያብጣል። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶኝ ከመኸር ወዲያ ያለውን እንዳልቆጥር ነግሮኛል።

ያለፈው ሳምንት ደውዬ ስለ አየሩ ብቻ አውርቼ የዘጋሁብህ ያለ ምክንያት አልነበረም። የምነግርህ ነገር ነበረኝ፤ በስልክ የሚነገር ግን አይደለም። ስለዚህ መጻፉን መረጥኩ። ቆመህ ከሆነ ተቀመጥና አንብበው።

በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ጠዋት አባባ የቁርሳቸውን ሳህን ገፋ አድርገው፣ "ዶሪን፣ ፍላውንደር ልይዝ እፈልጋለሁ" አሉኝ። ዓሣው አምሯቸው መስሎኝ ማታ እጠብስልዎታለሁ ብላቸው፣ "መቼ ልብላ አልኩሽ? ልይዝ ነው ያልኩት!" ብለው ጮኹብኝ። እኔም ደነገጥኩ። ወንድማችንን ቶቢን ከቀበርን ወዲህ እግራቸው ጀልባ ረግጦ አያውቅም። አንተና ቶቢ ይዛችሁት የወጣችሁትን ጀልባ ከደለሉ ላይ አስጎትተው ካወጡት በኋላ በገዛ እጃቸው በእሳት እንዳቃጠሉት አንተም አልደረስክበትም፤ ሄደሃል።

ሠላሳ ዓመት ከተሜውን እየመሩ ዓሣ ሲያስይዙ የኖሩ ሰው፣ አሁን እንደ ከተሜ ቀጠሮ ይያዝልኝ ሲሉ ማየቱ ራሱ አንጀት ይበላል። የጎረቤታችንን ልጅ ልለምንልዎ ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። "የዚህ መንደር ሰው አይሁን። የማያውቀኝ ይሁን" አሉ። 

አጠያይቄ ከእኛ ሁለት መንደር አለፍ ብሎ ሎሬታ የምትባል ካፒቴን እንዳለች ሰማሁና ደወልኩ። ስንት ሰው እንደሆንን፣ ግማሽ ቀን ይሁን ሙሉ ቀን፣ አባቴ ያለ ደጋፊ መቆም ይችሉ እንደሆነ ሁሉንም ጠየቀችኝ። "ከዚህ በፊት ፍላውንደር ይዘው ያውቃሉ?" ስትለኝ ምን እንደምመልስ ጠፋኝና "ትንሽ ትንሽ" አልኳት። አባባ ከጎኔ ሆነው ያዳምጡ ነበር። "በደቡቡ የባሕር በር በኩል ካልወሰደችኝ አልሄድም በያት" አሉኝ። ቶቢ የቀረበት በር ነው። ሎሬታ፣ በሩ በደለል ስለጠበበ አየሩ ከፈቀደ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ።

አየሩ ግን አልፈቀደም። በመጀመሪያው ቀጠሮ ነፋስ ተነሣ፣ በሁለተኛው ነጎድጓድ ሆነ። ሁለቱንም ጊዜ ሎሬታ ገና ሳይነጋ ደውላ ሰርዛለች፤ አባባ ግን ሁለቱንም ጊዜ ኮፍያቸውን አድርገው በረንዳው ላይ እስከ ምሳ ተቀመጡ። ሁለተኛው ቀን ላይ "ካልደረስኩበትስ?" ሲሉ ሰማኋቸው። ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት።

በሦስተኛው፣ ጁን 11 ቀን፣ ባሕሩ እንደ ዘይት ተኝቶ ዋለ። ሎሬታ አጭር፣ ደንዳና፣ ፊቷን ፀሐይ ያቃጠላት፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። የሕይወት አድን ሰደርያ ስትሰጣቸው አባባ በእጃቸው መለሱላት። "አባባ፣ ይህን ሳይለብሱ የእኔ ጀልባ ንቅንቅ አትልም" አለቻቸው። "ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ እዚህ ውኃ ላይ ነበርኩ።" እሷም እየሳቀች፣ "እኔ ሳልወለድም ሰው ይሰምጥ ነበር፤ በሉ እጅዎን ያስገቡ" አለች። ምን እንደተናገረች አታውቅም። አባባ እንደ ሕፃን እጃቸውን አስገቡላት።

ውኃው መጉደል ጀምሮ ስለነበር ሞተሩን አጥፍታ ጀልባዋን ከጅረቱ ጋር ለቀቀቻት። ቡና ሲጠጡ የሚንቀጠቀጡት የአባባ ጣቶች የማጥመጃውን ዘንግ ሲይዙ ጸኑ። ብዙም ሳይቆይ የዘንጉ ጫፍ ጎበጥ አለ። እኔ "ይሳቡት! ይሳቡት!" ስል፣ "ዝም በይ፣ ይጉረሰው" አሉኝ። ቆይተው ቆይተው ቀስ ብለው ሳቡት። ሎሬታ በመረብ ስታወጣው ሰፌድ የሚያህል፣ ሁለት ዓይኖቹ በአንድ ወገን የተቀመጡ፣ ጀርባው አሸዋ የመሰለ ፍላውንደር ነው። "ኧረ አባባ! ልጅዎ ትንሽ ትንሽ ያውቃሉ ብላኝ ነበር እኮ፤ ዋሽታኛለች!" አለች። አባባ ሳቁ። ሃርላን፣ የአባባን ጥርስ ካየሁ ስንት ዓመቴ ነው! የሄድንበት ጉዳይ ይኸው ነው፣ አለቀ ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ ግን በሩ ጋ ደረስን። ደለሉ ላይ ነጭ አረፋ ይገላበጣል። ያን ቀን ሞተሩ ጠፍቶ ጅረቱ አንተንና ቶቢን የወሰዳችሁ ቦታ መሆኑን ለማወቅ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም። አባባ ሞተሩን አጥፊልኝ ቢሏት፣ "እዚህ ጋ መልሕቅ ሳልጥል አላጠፋም" አለችና ወረወረችው። ገመዱ እየተተረተረ ሲወርድ አባባ ዓይናቸውን አልነቀሉበትም።

"ገመድሽ ስንት ነው?"

"ሁለት መቶ ጫማ።"

"በየቀኑ ታይዋለሽ?"

"ጠዋት ጠዋት።"

"ሌላ ሰው ፈትቶ ቢወስድብሽስ?"

"ከጀልባዬ ላይ ገመድ የሚፈታ ሰው? እጁን ነዋ የምቆርጠው!"

አባባ ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት። "እንግዲያው እነዚህን ቁረጪ" አሉ።

ወደ እኔ አንዴም ሳይዞሩ ሁሉንም ለእሷ ነገሯት። በአደጋው ዋዜማ አመሻሽ ላይ የዓሣ አስጋሪው የፔሪ ጀልባ ጭቃ ውስጥ ገብቶ እንደነበር፤ እሱን ለመጎተት የእኛን ጀልባ የመልሕቅ ገመድ ፈትተው እንደወሰዱ፤ እርጥብ ስለነበር ይድረቅ ብለው መጋዘን ውስጥ እንደሰቀሉት፤ ጠዋት እመልሰዋለሁ ብለው እንደተኙ። አንተና ቶቢ እሳቸው ሳይነቁ ወጣችሁ። የአደጋውን ወሬ ሲሰሙ መጀመሪያ የሮጡት ወደ ባሕሩ ሳይሆን ወደ መጋዘኑ ነው። ገመዱ እንደተሰቀለ ነበር። በቢላ ቆራርጠው የሸርጣን ወጥመዶቹን አሰሩበት፤ ከዚያ ነው ጀልባ ማቆሚያው ጋ የመጡት።

"ልጄ ረጥቦ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተቀምጧል" አሏት። "ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። አፌን ስከፍት እውነቱን ልናገር ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው። ያለ ገመድ የወጣህ አንተ ዝንጉ፣ ወንድምህን ገደልከው አልኩት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። እሱም ረስቼ ይሆናል ብሎ አመነ። ራሱን ሲመረምር፣ ሲያስብ፣ ሲያለቅስ እያየሁ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ዝም አልኩ፣ ከዚያ ሳምንት ሆነ፣ ከዚያ ልጁ ሄደ።"

ሎሬታ የመልሕቁን ገመድ ሌላ ዙር ቋጠረችው። ከዚያ፣ "ይኼ ልጅዎ በሕይወት አለ?" አለች። አለ አሏት። "ታዲያ ይህን ለእሱ እንጂ ለእኔ ምን ይነግሩኛል?" አለች።

እኔ ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ? ምንም። የጀልባውን ጠርዝ ይዤ ተቀመጥኩ። የታየኝ የሸርጣን ወጥመዶቹ ናቸው። እኔና ክላይድ አሥራ አምስት ዓመት በዚያ ገመድ ጎትተን በልተናል፤ እጄን ልጦኝ ያውቃል። እማማም ትዝ አለችኝ። "ሃርላን ገመድ የሚረሳ ልጅ አይደለም" ትል ነበር፤ እኔ እናት ስለሆነች ነው እያልኩ አባብላት ነበር። ይህን ሳትሰማ ሞተች።

ቤት ስንገባ ዓሣውን እንዲሁ በበረዶ ሣጥኑ ውስጥ ትቼ ፊታቸው ቆምኩ። ቶቢ ከሞተ ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስኖር ለእኔ ሳይነግሩኝ ለባዕድ ሴት ለምን ነገሯት? "ለብቻሽ ብነግርሽ ትሸፍኚልኛለሽ" አሉኝ። "ሽማግሌ ነው፣ ታሟል ብለሽ ይዘሽው ትቀሪያለሽ። መሸፈን እንዳትችዪ የሚሰማ ሌላ ሰው ፈለግኩ።" እውነታቸውን ነው ወንድሜ። አደርገው ነበር።

እኔም፣ "በሰው ፊት ነው የሰደቡት፤ በሰው ፊት ይናገሩ" አልኳቸው። በእሳቸው ላይ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ጀልባ ማቆሚያው አጠገብ ያለችው ቁርስ ቤት ይዣቸው ሄድኩ። ሁሉም ነበሩ፤ የድሮዎቹ ዓሣ አስጋሪዎች ፓንኬካቸውን ከበው ይጫወታሉ። አባባ ምርኩዛቸውን ተደግፈው መሐል ቆሙና፣ "የመልሕቁን ገመድ የፈታሁት እኔ ነኝ። ሃርላን ምንም አላደረገም። ዋሽቻችኋለሁ" አሉ። ሌላ አልጨመሩም። 

ከዚያ ፔሪ፣ ይኸው የጀልባው ባለቤት፣ ከጥግ ተነሣ። ሰማንያ ዓመት አልፎት ጎብጧል። "ኤልዉድ፣ ያን ዕለት ገመዱን ትከሻህ ላይ ጥለህ ስትሄድ አይቼሃለሁ" አለ። "በማግስቱ መልሶት ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳሞኝ ኖርኩ። አንድ ቀን ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር።" ይህን ብሎ ቁርሱን ሳይጨርስ ወጣ። አባባን የጨበጣቸውም የሰደባቸውም ሰው አልነበረም። አስተናጋጇ ብቻ መጥታ ወንበር ሳበችላቸው። ወደ መኪናው ስንመለስ ሁለት ጊዜ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከአልጋ ብዙም አይነሡም።

አሁን የራሴን ልናገር። በቶቢ ቀብር ላይ እጅህን ዘርግተህልኝ ነበር። እኔ ኪሴ ውስጥ መሐረብ የምፈልግ መስዬ ዞርኩ። አልረሳሁትም፤ አንተም እንዳልረሳኸው አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ የገና ካርድ ስልክ፣ ልጅህ ስንት ዓመቷ ሆነ እያልኩ ስጠይቅ፣ ያንን የማስተሰርይ ይመስለኝ ነበር። አባባ ዋሽተውኛል፣ እውነት ነው፤ ፊቴን ያዞርኩት ግን እኔ ነኝ፣ ማንም አላዞረኝም። ይቅር በለኝ። ዛሬ ካልሆነልህ ቆይተህ፣ ጭራሽ ካልሆነልህም እንዲሁ ይሁን፤ እኔ ግን ጠይቄሃለሁ።

ና አልልህም። አትምጣም አልልህም። እሳቸውን ይቅር በላቸው ለማለት ደግሞ ምን መብት አለኝ? የአንተ ያልሆነውን ጥፋት ተሸክመህ እስከ ዓለም ጫፍ እንደሄድክ ካወቅኩ በኋላ ግን ከዚህ በላይ ሳታውቀው እንዲያድር አልፈለግኩም። ይህችን ስጽፍ አባባ ያውቃሉ። ምን ልበልልዎ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። እሳቸውም፣ "ሰላም በይልኝ እንዳልል አፈርኩ" አሉኝ። እንዳሉት ጻፍኩልህ።

ሼሪልን አጥብቀህ ሳምልኝ፤ እነዚህን ሁሉ ዓመታት ከጎንህ ስለቆመች አመስግናታለሁ። ጁንን አክስትሽ ናፍቃሻለች በልልኝ፤ ይህን ደብዳቤ እሷም ታንብበው፣ አባቷ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ከቤተሰቡ አፍ ትስማው። ክላይድ በጣም ሰላም ብሎሃል፤ ካነበብኩለት ጀምሮ ጋራዥ ገብቶ አልወጣም። ፔሪም ትናንት በር ድረስ መጥቶ ሰላምታ አስይዞኛል፤ ልላከው ወይስ ልተወው ብዬ አመንትቼ ይኸው ላክሁት፣ መቀበሉ የአንተ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አባባ በእኛ ሰዓት ከቀኑ አሥር ሰዓት ግድም ይነቃሉ፤ ያኔ ድምፃቸውም ይሻላል። ስልኩን አልጋቸው አጠገብ አድርጌዋለሁ። በዚያ ሰዓት ከጮኸ እኔ አላነሳውም፤ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ልትጮህባቸው ከፈለግክ ጩህባቸው፣ ይሰማሉ።

እህትህ ዶሪን

ሃሎክ ላንዲንግ፣ ቨርጂኒያ
ጁን 24 ቀን 2025