በልጄ ፊት ዘቅዝቀው ስላቆሙኝ ከልብ አመሰግናለሁ

ለተከበሩ የነፃ ሶፍትዌር ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ ይልቁንም የኮምፒውተርዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። የኮምፒውተርዎን ደህንነት በዓይኔ በብረቱ ስላየሁ ጥያቄው ለወጉ ያህል ነው፤ እንዴት እንዳየሁትም ከታች እመጣበታለሁ። እኔ፣ ፀጉርዎን ለብዙ ዓመታት ሳስተካክል የኖርኩት የማዕዘኑ ፀጉር ቤት ባለቤት፣ ሰውነቴ ደህና ነው። አንገትዎን ለምላጬ አምነው ሲሰጡኝ ስለኖሩ፣ እኔም በተራዬ ያለችኝን አንዲት ላፕቶፕ ለቃልዎ አምኜ ሰጠሁ። ከሁለታችን የደማው የትኛው እንደሆነ ሕዝብ ይፍረደን ብዬ ይህን ደብዳቤ በግልጽ ጽፌያለሁ።

ለማያውቀን አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። መስማት የተሳናት አንዲት ልጅ አለችኝ። ሌላ ከተማ ኮሌጅ ገብታ የሂሳብ ሥራ ትማራለች፤ ወይም ትማር ነበር። የምንነጋገረው በእጃችን ስለሆነ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በላፕቶፑ ካሜራ ፊት ለፊት ተቀምጠን እናወጋለን። የእኔም ሆነ የባለቤቴ ስልክ ከመደወልና አጭር መልእክት ከመላክ ያለፈ ሙያ የለውም። የሰው ስልክ ለምን አልተዋሰም ለሚለኝም፣ የአባትና የልጅ ጉዳይ ባለስልኩ አጠገብ ቆሞ እየጠበቀ አይወራም። በእጅ የሚነጋገሩ ሰዎች ዘንድ ደግሞ አንድ ትልቅ ነውር አለ፤ ሰው እየነገረዎት ፊትዎን ካዞሩ ጆሮ ከመድፈን ይብሳል፣ «ከእንግዲህ አልሰማህም» ማለት ነው።

አንድ እሑድ ልጄ ኮሌጁን ትታ ከጓደኛዋ ጋር ልብስ ስፌት መጀመር እንደምታስብ መንገር ስትጀምር፣ አሮጌዋ ላፕቶፕ ደርቃ ቀረች። በልጄ በኩል የታየው የእኔ ፊት ድንገት መጥፋት ብቻ ነበር። አባቴ ተቆጥቶ ዘጋብኝ ብላ አዘነች። የማሽኑ ጥፋት ነው ብዬ በመልእክት ማልኩላት፤ በሚቀጥለው እሑድ በፈጣን ላፕቶፕ እንደምጠብቃትና ጉዳዩን ተረጋግተን እንደምንጨርሰው ቃል ገባሁላት። ያን ቃል የገባሁት የእርስዎን ቃል ይዤ ነበር።

የእርስዎ ቃል ምን ነበር? በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ባደረጉት ገለጻ፣ አሮጌ ኮምፒውተር የሚያድስ፣ በነፃ የሚታደል፣ ለጀማሪ ተብሎ የተሠራ ስርዓተ ክወና የሚሉት ሲስተም እንዳለ፣ የድሮው ሲስተም የባርነት ሰንሰለት እንደሆነ፣ እርስዎም ሰንሰለቱን ከበጠሱ ብዙ ዘመን እንደሆነዎት አስተማሩን። እጄን አውጥቼ፣ ስለ ልጄም በሰው ሁሉ ፊት ተናግሬ፣ ካሜራው ይሠራ እንደሆነ ጠየቅሁ። «እንደ መስታወትህ ነው የሚያሳይህ» አሉኝ። ሰው አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. «ቀጥል የሚለውን መጫን ብቻ ነው» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ማኅበሩ በሰጠኝ ፍላሽ ሥራውን ስጀምር፣ ለጀማሪ የተሠራው ሲስተም ዲስኩን ስንት ቦታ እንደምከፍለውና የትኛው ክፍል ለምን እንደሚሆን ጠየቀኝ። ፀጉር ከመሃል ይከፈል ወይስ ከጎን ብሎኝ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር። ቀጥሎ በላዩ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አስጠንቅቆ «ልቀጥል?» ሲለኝ፣ ምክርዎን አክብሬ «ቀጥል» አልኩት። የድሮው ሲስተም ከነሚሠራው ካሜራው በአንዲት ጣት ተሰናበተኝ።

2. ለማኅበሩ የእርዳታ ስልክ አመሰግናለሁ። አዲሱ ሲስተም ገብቶ ሲያልቅ እውነትም ያምራል፤ ዋይፋይ የሚባል ነገር መኖሩን ግን ሰምቶም አያውቅም። ስደውል አንድ ትሁት ወጣት ዋይፋዩን የሚያሠራውን ፋይል ከኢንተርኔት እንዳወርድ መከረኝ። ቤቱ ተቆልፎበት ደጅ የቆመን ሰው «ቁልፉ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ነው» እንደማለት ነው። ሁለተኛው መመሪያውን እንዳነብ ነገረኝ፤ መመሪያው ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው። ሦስተኛዋ «ይሄ እኮ ለጀማሪ ነው» ብላ ከት ብላ ሳቀችብኝ። እሑድም ደረሰ። ልጄ ጠብቃ ጠብቃ «ገባኝ» የሚል መልእክት ላከችልኝ። አንዲት ቃል ሰውን እንዲህ እንደምታስፈራ አላውቅም ነበር።

3. የቢሮዎን በር ገርበብ ብሎ ስላገኘሁት አመሰግናለሁ። ላፕቶፔን በብብቴ ይዤ እርዳታ ፍለጋ ስመጣ፣ እርስዎ በኮምፒውተርዎ ካሜራ ከአንድ ሰው ጋር እየተሳሳቁ ነበር። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ከጀርባዎ ስለቆምኩ ማያው ላይ ያለው ሁሉ ታየኝ፤ እኔ በምክርዎ ያጠፋሁት፣ እርስዎም ሰንሰለት ያሉት፣ ያው የድሮው ሲስተም ነበር። ዞር ብለው ሲያዩኝ ክዳኑን ወተት እንደገነፈለበት ሰው ተጣድፈው ከደኑት። «ይሄ የመሥሪያ ቤት ነው» አሉኝ። የቤትዎንስ ብዬ ብጠይቅ «እሱ የልጆቹ ነው፤ ለትምህርታቸው ስለሚፈልጉት ነው» አሉ። የእኔም ልጅ ተማሪ ነበረች። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ፈረሱ የገዛ ደንበኛዬ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም። ነገውኑ ሰው እልክልሃለሁ ብለው ሸኙኝ። ሰውዬው እስካሁን መንገድ ላይ ከሆነ በሰላም ያግባው።

4. ስለ ካሜራው ምስጋናዬ ግን የተለየ ነው። ሁለተኛውም እሑድ በከንቱ ካለፈ በኋላ፣ ባለቤቴ ከጎረቤት የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በረጅም ገመድ ኢንተርኔት ወደ ፀጉር ቤቱ አስጎትታልኝ ካሜራውን ከፈትነው። እንዳሉትም አሳየኝ፤ አገጬን ላይ፣ ግንባሬን ታች አድርጎ። እጄን ወደ ላይ ሳነሳ ወደ ታች ይወርዳል፤ ልጄ ከዚህ ምን ታነባለች? ገጹን የሚያዞር ማስተካከያ አለ ተብዬ ስነካካ ማያው ጠቁሮ አጥፍቼ እስካበራው ድረስ አልመለስም አለ። ባለቤቴ «ጢም ላጭ ኮምፒውተር ሊላጭ ሲነሳ መጨረሻው ይሄው ነው» እያለች ላፕቶፑን ገልብጣ በቀበቶዬ ከመደርደሪያው ጋር አሰረችው። ያን ጊዜ እኔ ለልጄ ቀና አልኩ፤ ልጄ ግን ለእኔ ተዘቀዘቀች። መስታወት ሥራዬ ነውና ከማያው ሥር አጋድሜ በዚያ ላያት ሞከርኩ። ነገር ግን ወደ መስታወቱ ባቀረቀርኩ ቁጥር ለልጄ ፊቴን የማዞርባት መሰለ። መስታወቱን አነሳሁት። ከሁለታችን አንዳችን መዘቅዘቅ ካለብን እኔ ለእሷ ቀና ልሁን፣ እሷን እንደምንም አነባታለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

አነበብኳትም። እጆቿን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ ተዘቅዝቀውም አይጠፉኝም። ኮሌጁን ትታ ወጥታለች። ለመመረቅ የቀራት አንድ መንፈቅ ብቻ ነበር። «ሁለት እሑድ ፊትህን ካዞርክብኝ በኋላ የማንን ፈቃድ ልጠብቅ?» አለችኝ። ልብስ ስፌቱ ስህተት ነው አላልኳትም፤ ማን ያውቃል፣ ልክ ልትሆን ትችላለች። እኔ የፈለግሁት ሳትወስን በፊት እጄን አይታ እንድትወስን ብቻ ነበር። ይህንኑ በእጄ ነገርኳት። እሷም አለቀሰች፤ እንባዋ በማያው ላይ ወደ ላይ ሲፈስ አየሁ። ክቡር ሊቀ መንበር፣ የገዛ ልጅዎን እንባ ወደ ላይ ሲፈስ አይተው ስለማያውቁ እግዚአብሔርን ያመስግኑ።

ሲስተሙን አልረግመውም። ሠርተው በነፃ ያደሉት ሰዎች አያውቁኝም፣ አላውቃቸውም፣ ዓይኔን እያዩ የነገሩኝም ነገር የለም። ዓይኔን እያዩ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። «ካሜራውን እንጃ፣ እኔም አልሞከርኩትም» ቢሉኝ ኖሮ አሮጌዋን ላፕቶፕ እየደረቀችም ቢሆን ይዤ፣ ልጄን እየተቆራረጠችም ቢሆን አገኛት ነበር። ከእርስዎ አንደበት አንዲት «እንጃ» አጥቼ የልጄን እምነት ከፈልኩ። ተናድጃለሁ፤ ከመናደዴም በላይ ከፍቶኛል።

ወንበሬ እንደወትሮው ክፍት ነው፤ ምላጩም እንደወትሮው ለእርስዎ በጥንቃቄ ይያዛል። እኔ የሰው አደራ ይዤ አልቀልድም።

ጭንቅላትዎን ከማንም በላይ የማውቀው፣ ውስጡን ግን ዘግይቼ ያየሁት፣
የማዕዘኑ ፀጉር አስተካካይዎ

ማስታወሻ፦ ለመጪው ቅዳሜ ገለጻዎ የላኩልኝን ማስታወቂያ እንደጠየቁኝ በፀጉር ቤቴ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ብዙ ሰው እያነበበው ነው። የማኅበሩን ሳይሆን የራስዎን ኮምፒውተር ይዘው እንዲመጡ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ልጄም ተመልሳ መጥታለችና ከእኔ ጋር ከፊተኛው ረድፍ ትቀመጣለች። ድምፅዎን አትሰማም፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ፊት ስታነብ ስለኖረች ግን እኔን ዓመታት የፈጀብኝ ነገር እሷን ደቂቃ አይፈጅባትም። ስለዚህ አደራ፣ ሲናገሩ ፊትዎን እንዳያዞሩባት።