ፊታውራሪው የማን ናቸው?

እሑድ፣ ጥር 17

ሁለቱ ሽማግሌዎች ዘመድ ሆነው አረፉት! የእህቴ ሠርግ ገደል ገባ።

በሥርዓት ልጻፈው። ግማሹ ያስቀኛል፣ ግማሹ ያናድደኛል። የሞላ ቤተሰቦች ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ድረስ መጥተው አርብ ገበያ ከተማ ያለው ቤታችን ገቡ። ሞላ የእስቴ ልጅ ነው፣ የእንስሳት ሐኪም፤ እዚህ ተመድቦ ሲሠራ ነው ከእህቴ ከየሺ ጋር የተዋወቁት። እሷ አስተማሪ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ «ለክትባት ነው» እያለ ትምህርት ቤቷ ሲመላለስ፣ ትምህርት ቤቱ አንድም ላም እንደሌለው ያላስተዋለ ሰው የለም።

ሽማግሌዎቹን የመሩት የሞላ አያት አያ ጌጡ ናቸው። «ልጃችሁን ለልጃችን» አሉ። አባቴ «መክረን እንነግራችኋለን» አለ። ተመክሮ ካለቀ ወር አልፎታል፤ ቀኑ ሳይቀር የካቲት አንድ ተብሎ ተቆርጧል። የቀረው ዘር መቁጠር ብቻ ነበር። እስከ ሰባት ቤት ካልተገናኙ ይጋባሉ፣ ከተገናኙ የለም።

አያቴ አባባ አስማረ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጓዳው በር ላይ ቆመን የሺን በክርኔ ነካ አደረግኋትና «ፊታውራሪው ሊመጡ ነው» አልኋት። መጡ።

«የሺ ጌታቸው፣ ጌታቸው አስማረ፣ አስማረ ተገኘ፣ ተገኘ ውብሸት፣ ውብሸት ፊታውራሪ ወንድይራድ!» የመጨረሻው ስም ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ።

አያ ጌጡም ተነሡ። «ወንድይራድ? የጋይንቱ ፊታውራሪ?»

«ሌላ አለ እንዴ!»

«የእኔም እኮ ቅድመ አያት ናቸው!»

ተቃቀፉ። ተሳሳሙ። በአንድ ጊዜ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ተሻገሩ። «ለካ ሥጋዬ ኖረሃል!» «እኔማ ገና ሳይህ፣ ይኸ አፍንጫ የፊታውራሪው ነው ብያለሁ!» አባባ አለቀሱ። አባቴ ሳይቀር ጠላ እየደገመ ቀዳ።

«ስድስት» አለች የሺ፣ በጣም ቀስ ብላ።

የነፍስ አባታችን ቄስ ሙሉ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «ምንድን ነው የሚያስደስታችሁ? ልጆቹ በስድስት ቤት ተገናኙ እኮ።»

አያቶቹ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ነበሩ። ቀስ ብለው ተላቀቁ።

ሰኞ፣ ጥር 18

የሺ ዓይኗ አብጦ ልታስተምር ሄደች። የሠርጉን ጫማ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ገፍታዋለች።

አባባ ስለ ፊታውራሪው እስከ ዛሬ የነገሩን፦

አሥራ ሁለት በቅሎ ነበራቸው። (ለመስቀል አርባ ደርሰው ነበር።)

አንበሳ በጦር ገደሉ። (ባለፈው ዓመት በጎራዴ ነበር። አንበሳው ራሱ ግራ ሳይገባው አይቀርም።)

ሲያስነጥሱ ስማዳ ላይ ይሰማል።

እንግዳ ሳይገባ እህል አይቀምሱም።

ዛሬ «ሚስታቸው ማን ትባል ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የትልቅ ሰው ሚስት በስሟ አትጠራም።»

«እናታቸውስ?»

«ሂጂ፣ ጥናትሽን አጥኚ!»

የበቅሎውን ቁጥር እስከ ጭራው የሚያውቅ ሰው፣ የሴት ቅድመ አያቱን ስም አያውቅም። አልገባኝም።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ሞላ ደወለ። የሺ ስልኩን ይዛ ከቤት ጀርባ ሄደች። ተከትዬ አዳመጥሁ (ኃጢአቴ ነው)። ስለ ክትባት ብቻ ነው ያወሩት።

ራት ላይ መላ አመጣሁ። «ከእርስዎና ከአያ ጌጡ አንዳችሁ ፊታውራሪውን ብትተዉስ?»

አባባ ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡ። «አንቺ ማስተዋል፣ አባትሽን ትተዪያለሽ?»

«የአያቴ አባት አባት አባት ከሆነማ…»

እናቴ ከገበታው ሥር ቆነጠጠችኝ። እስካሁን ያቃጥለኛል።

ግን አባባን አየኋቸው፤ ከየሺ ይብስ የሚሰቃዩት እሳቸው ናቸው። ሞላን ይወዱታል። አምና በሬያቸው ሆዱ ተነፍቶ ወድቆ ሳለ፣ ሞላ እስከ ክርኑ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ነው ያስነሣው። «እኔ እንደዚህ የተንበረከክሁት ለታቦት ብቻ ነው» ብለው ነበር ያን ቀን። ዛሬ በሬውን ሲያዩት ፊታቸውን አዞሩ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ቄስ ሙሉ መጥተው ቁርጡን ተናገሩ። «ዘሩ ከተገናኘ እኔ አላጋባም፤ ነፍሴን አልሸጥም። አይገናኝም የሚል የሚያውቅ ሰው ካለ ይመስክር።»

እናቴ «እማሆይ ውዴ አሉ እኮ!» አለች። የአባባ ታላቅ እህት ናቸው፤ እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ደብር መንኵሰው ይኖራሉ። የድሮውን ነገር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

አባባ ግን «ጉልበቴን አሞኛል» አሉ። ዓርብ በመጣ ቁጥር ገበያውን ሦስት ጊዜ የሚዞር ጉልበት!

ሽማግሌ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ አውቃለሁ። «ከፈሩ ግድ የለም፣ እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ» አልኋቸው።

«እኔ? እኔ ማንን ነው የምፈራው?»

ቅዳሜ እንሄዳለን።

ዓርብ፣ ጥር 22

ለእማሆይ ማር ልንገዛ ከአባባ ጋር ገበያ ወጣን። ሦስት ሰው «የፊታውራሪው ልጅ፣ እንደምን ዋሉ!» አላቸው። ሌላ ጊዜ ቆመው በቅሎዎቹን ይቆጥሩለት ነበር። ዛሬ በአንገታቸው ብቻ ሰላም እያሉ አለፉ።

አባባ የሆነ ነገር ጠርጥረዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

መጻፍ የማልፈልገውም ይጻፍ።

ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግር ሄደን ደረስን። እማሆይ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ባለች ጎጆ ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃሉ። አንድ የድጓ ተማሪ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ያጠናውን ዜማ በቃሉ ይወጣል፤ ሲሳሳት ዓይናቸውን ሳይከፍቱ ያርሙታል።

አባባ ማሩን ሰጡ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለሙ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ገብሱ አወሩ። ስለ ዝናቡ ደገሙ። ሰለቸኝ።

«እማሆይ፣ ፊታውራሪ ወንድይራድ ለእኛ ምናችን ናቸው?»

ሳቁ። ጥርስ የላቸውም፣ ሳቃቸው ግን ሙሉ ነው። «ጌታችን ነበሩ። የአባታችን አያት ደምሌ የእሳቸውን አጋሰስ ይነዳ ነበር።»

አባባ መሬት መሬት ያያሉ።

እማሆይ ቀጠሉ። «አባታችን የርስት ክርክር ነበረበት። ከፊታውራሪው ካልተወለድህ ድርሻ የለህም አሉት። ዳኛ ፊት እንዳይሳሳት እኔን አስቀምጦ ስም ይቆጥራል። ‹ውብሸት ደምሌ› ሲል፣ ‹ወንድይራድ በል!› እለዋለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ያስጠናሁት እኔ ነኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ንስሐ እገባበታለሁ። ረታ። አንተ ያን ጊዜ በሆድ ነበርህ።»

መሬቱን ደርግ ለገበሬው ሁሉ ሲያከፋፍለው ሄደ። ፊታውራሪው ብቻ ቀሩልን።

«እታለም፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ አባባ። ድምፃቸው የልጅ ነበር።

«ስማቸውን ስትጠራ ደረትህ ይነፋ ነበር፣ ገና በዚህ ቁመትህ። ደስ ትለኝ ነበር። ምን ብዬ ልንጠቅህ?»

ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር፤ «በቅሎዎቹስ አርባ ነበሩ?» ልል። አባባን አየሁና ዋጥሁት። ጋቢያቸው ውስጥ ትንሽ ሆነው ነበር።

«ደምሌን እንዳትንቁት» አሉ እማሆይ። «ገደሉን ጭነት የሚያወርድ መንገድ ፈልጎ ያገኘ እሱ ነው።»

ደምሌ መውረጃ! ወደ ወንዙ የምንወርድበት! ስንት ጊዜ በቂጤ ተንሸራትቼበታለሁ፤ ደምሌ ሰው መሆኑን ማን ነገረኝ?

ልንነሣ ስንል «የእስቴዎቹስ? እነ አያ ጌጡ?» አልሁ።

«ፊታውራሪው ልጅ አልወለዱም፣ ልጄ። እግዚአብሔር አልሰጣቸውም። ወራሽ ስለሌላቸው አይደል አገሩ ሁሉ ልጃቸው የሆነው!»

እማሆይ ስልክ የላቸውም፤ ምናልባት ቄስ ሙሉ ይፈልጓቸው እንደሆነ ብዬ የተማሪውን ቁጥር ያዝሁ።

ስንመለስ አባባ መንገድ ላይ ድንገት ቆሙ። «እንግዲያው ጌጡም ባዶ ነው!»

ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው! ነገ ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ የሚሉትን እየደጋገሙ አጠኑ። «አያ ጌጡ፣ ፊታውራሪው መካን ነበሩ፤ ታዲያ እርስዎ ከየት መጡ?» «ከየት መጡ» ሲሉ በትራቸውን መሬት ይመታሉ። እኔም ረዳሁ፤ «ከየት» የሚለውን ሳብ ያድርጉት አልኋቸው። መኪናው ውስጥ ሳይቀር ሳቅን።

እሑድ፣ ጥር 24

እንደገና ተሰበሰቡ። አያ ጌጡ በሳምንት ውስጥ ከስተዋል። ሞላ ከወንበራቸው ኋላ ቆሞ በትራቸውን ይዞላቸዋል።

አያ ጌጡ ቀድመው ተናገሩ። «አልዋሽም፣ ሳምንቱን ሳልተኛ ነው የከረምሁት። ፊታውራሪውን ግን መተው አልቻልሁም። ለዚህ ልጅ ያወረስሁት ሌላ ነገር የለኝም።» ሞላ እጁን ትከሻቸው ላይ አደረገ። እጮኛው ልትቀርበት ነው፤ አያቱን ግን እንደ ታቦት ነው የሚያያቸው።

አባባ ተነሡ። በትራቸውን አጥብቀው ያዙ። «ከየት» የሚለውን ጠበቅሁ።

«የማወራው የራሴን ነው» አሉ። «አስማረ ተገኘ፣ ተገኘ ውብሸት፣ ውብሸት ደምሌ። ደምሌ አጋሰስ ነጂ ነበር። ፊታውራሪው ጌታው እንጂ አባቱ አይደሉም። ሰባ ስድስት ዓመት የሰው አባት ስጠራ ኖሬያለሁ፤ ይቅር በሉኝ።»

በትሩ መሬት አልመታም። ተቀመጡ። አባቴ ራሱ አፉን ከፍቶ ቀረ።

የሺ እጄን ጨበጠችኝ፤ አጥንቴ ሊሰበር። ፈራሁ። የጭነት ነጂ ዘር አንፈልግም ቢሉስ? አያ ጌጡ ጺማቸውን አሻሹ።

«እኔማ ገና አፍንጫዎን ሳየው ተጠራጥሬ ነበር» አሉ። «እርስዎ» ተመልሷል። «ደምሌ… የደምሌ መውረጃው? በዚያ እኮ አህያዬ ገደል ገብታብኛለች!»

«ወደ ታች አላየች ይሆናል» አሉ አባባ በዝግታ።

ሰው ሳቀ። ቄስ ሙሉ ግን አልሳቁም። «ምስክር» አሉ። ወደ ድጓው ተማሪ ደወልሁ፤ እሱም ስልኩን ለእማሆይ ሰጠ። ቄስ ሙሉ «ሁሉም ይስማ፣ ላውድ አድርጊው» አሉኝ። አደረግሁ። እማሆይ ስለ ደምሌ ተናገሩ። ጥርት ያለ ነበር። ከዚያ ቀጠሉ፦ «ደግሞም ፊታውራሪው…»

አጠፋሁት። ላውዱን ማለቴ ነው። ጣቴ ከጭንቅላቴ ቀደመ። «ስልኩ አርጅቷል፣ በጆሮዎ ያዳምጡ» ብዬ ለቄስ ሙሉ ሰጠኋቸው።

«እህ» አሉ ቄስ ሙሉ። «እህ። እንዴት? ጭራሽ?» አያ ጌጡን አዩ። አባባን አዩ። አባባ ጭንቅላታቸውን በትንሹ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው፣ ግራ ቀኝ አደረጉ። ቄሱ ስልኩን መለሱልኝ።

«ዘር አይገናኝም። ይባረክ» አሉ።

እልልታው! የሺ አቅፋኝ አለቀሰች፤ ሞላ የአባባን ጉልበት ሊስም ወደቀ። አያ ጌጡ ደረታቸውን ነፍተው «የፊታውራሪው ቤት ልጃችሁን በክብር ይቀበላል» አሉ። አባባ እጅ ነሡ። «ክብሩ የእኛ ነው።»

ምላሴን ነከስሁ። በእውነት ነው የምለው፣ ደሙን ቀመስሁት።

እንግዶቹ ሲሄዱ አባባን ለብቻቸው ያዝኋቸው። «ለምን አላሉም? ስንት አጥንተን!»

«ሞላ አያቱን እንዴት እንደሚያይ አላየሽም?» ጋቢያቸውን አጠፉ፣ እንደገና ዘርግተው አጠፉ። «ትናንት እማሆይ ስትናገር፣ አንቺ አጠገቤ ሆነሽ ታዪኝ ነበር።»

ጋቢውን ተቀብዬ አጠፍሁላቸው። እኔ!

ለሠርጉ ሰባት ቀን ቀርቷል። አያ ጌጡ ከፊት ይቀመጣሉ፣ በቅሎዎቹን ይቆጥራሉ፣ አንበሳውን ይገድላሉ፤ አባባ ደግሞ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ይሰማሉ። «ዝም ማለት ይችላሉ?» አልኋቸው።

«እኔስ እችላለሁ። የምታሰጊኝ አንቺ ነሽ።»

እውነታቸውን ነው።