ጡሩንባው ሲነፋ ሠላሳኛ ስለ መሆኔ

ነቀምቴ፤ ጥር ፳፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለክቡር ቀኛዝማች ሀብተጊዮርጊስ፤
የመብራት ምረቃ የማታ ሩጫ አሰናጂ ኮሚቴ ሊቀመንበር

ክቡር ቀኛዝማች ሆይ፤

የክቡርነትዎን ጤንነት፣ የቤተሰብዎን ደኅንነት፣ የበቅሎዎንም ሰላም ከልብ እየጠየቅሁ፣ በተለይም ጥር ፲፬ ቀን በሕዝብ ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያርፍ ያገለገለው ጉሮሮዎ እንዴት እንደ ሰነበተ ለማወቅ ያለኝን ጉጉት እየገለጽሁ፣ እኔ ትሑት አገልጋይዎ ከግራ ባቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና መሆኔን አስታውቃለሁ።

ክቡርነትዎ እኔን አያውቁኝም፤ የእጅ ጽሑፌን ግን በደንብ ያውቁታል። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፈው ወልደዮሐንስ ተካ ነኝ። ከቡሬ ተነሥቼ፣ ዓባይን ተሻግሬ ነቀምቴ ከገባሁ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። በነዚህ ዓመታት «ከክቡርነትዎ እግር ሥር ወድቄ» የሚል ወረቀት ስንት ጊዜ እንደ ጻፍኩልዎ ቆጥሬ አልዘልቀውም፤ የወደቅኩት ግን ሁልጊዜ በሌላ ሰው ስም ነበር። በራሴ ስም ስጽፍልዎ ይህ የመጀመሪያዬ ነውና ብዕሬ ቢደናቀፍ ይቅርታዎ አይለየኝ።

ተቆጥቼ የምጽፍ እንዳይመስልዎ። ተቆጥቼስ ነበር፤ ነገር ግን ልጽፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ሳቅ እየቀደመኝ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ፤ ይህ አራተኛው ነው።

መቼም ለሩጫ የተፈጠርኩ ሰው አለመሆኔን ወገቤን ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ዓመቱን ሙሉ ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ ስነሣም ለምሳ ነው። ታዲያ በአርባ ሦስት ዓመትህ ምን ነክቶህ ገባህ ቢሉኝ፣ ምክንያቴ በቅቤ ተራ የምትሸጠው ወይዘሮ ድርቤ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ በየገበያው ቀን ቅቤ ስገዛት ኖሬያለሁ። ብቻውን የሚኖር ሰው ይህን ሁሉ ቅቤ ምን ያደርግለታል እያለ ተራው ሁሉ ሲሣሣቅብኝ እሷም አብራ ትሥቅ ነበር፤ ለካ ነገሩ ገና ድሮ ገብቷታል። ሽማግሌ ልልክ ስዘጋጅ ግን ታላቅ ወንድሟ አቶ ኢዶሳ አልቀበልም አሉ። የበቅሎ ነጋዴ ናቸውና ሰውንም የሚመዝኑት እግሩን አይተው ነው፤ እኅታቸውን ከወንበር ለማይነሣ ሰው እንደማይሰጡ በግልጽ ነገሩኝ። በኋላ የእርስዎ ሩጫ ሲታወጅ አንድ ዕድል ሰጡኝ። አንደኛ ውጣ አላሉኝም፤ ዐሥረኛም አላሉኝም። «ኦቦ ወልደዮሐንስ፣ ከሠላሳ አንዱ ሯጭ መጨረሻ ካልወጣህ ሽማግሌህን ላክ፤ መጨረሻ ከወጣህ ግን ቅቤህን ከሌላ ግዛ» ነው ያሉኝ።

ክቡርነትዎ፣ በዚያ ቀን ከተሰለፈው ሯጭ ሁሉ እንደ እኔ በትንሽ ነገር የሚደሰት አልነበረም፤ የምመኘው ከኋላዬ አንድ ሰው እንዲኖር ብቻ ነው። እግዚአብሔርም ባለ ሥጋ ቤቱን አቶ ታፋን ሰጠኝ፤ ቦርጫቸው አንድ ክንድ ቀድሟቸው የሚሄድ፣ ለመንገደኛው ሁሉ ሰላምታ የማይነፍጉ፣ ሰላምታቸውም የከብቱንና የልጁን ደኅንነት ሳይጠይቅ የማያልቅ፣ ከተማው በሙሉ የሚወዳቸው ሰው ናቸው። ሲመዘገቡ ሳያቸው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

እንግዲህ ከዚህ በታች በቁጥር የዘረዘርኩት ክስ አይደለም፤ ምስጋና ነውና በፈገግታ እንዲቀበሉልኝ እለምናለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ሰዓቱ አመሰግናለሁ። በማስታወቂያው ላይ ሩጫው በዐሥር ሰዓት ተጀምሮ፣ ሰንደቅ ዓላማው ከመውረዱ በፊት አልቆ፣ ማታ ሽልማቱ ሲሰጥ አዲሱ የመንገድ መብራት ቦግ እንዲል ነበር የተጻፈው። ክቡርነትዎ የዘገዩት ሩብ ሰዓት ብቻ ነው፤ ይህም ለእርስዎ እንደ መቅደም የሚቆጠር ነው። ከዚያ በኋላ ግን በቁምጣ ለቆምነው ሠላሳ አንድ ሰዎች የብርሃንን ታሪክ ከኩራዝ ጀምረው፣ በማሾ አሳልፈው፣ እስከ አምፑል ድረስ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማሩን። ክቡርነትዎ ማሾው ላይ ሲደርሱ አቶ ታፋ ተቀምጠው ነበር፤ አምፑሉ ላይ ሲደርሱ ደግሞ አንቀላፍተዋል። በዚህም ምክንያት ሩጫው የተጀመረው ዐሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ ይህ ምን እንዳስከተለ ቀጥዬ እገልጻለሁ።

፪ኛ፤ ስለ ሪባኑ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋናዬ ግን ረዘም ይላል። ሩጫው ከገበያው ተነሥቶ እስከ ጊምቢ መውጫ ኬላ ደርሶ፣ ተመልሶ ዳገቱን ወጥቶ በግዛቱ ጽሕፈት ቤት ፊት የሚያልቅ ነበር። ኮሚቴው የመጨረሻውን መስመር ሪባን ሲዘረጋ አንዱን ጫፍ ከአዲሱ የመብራት ምሰሶ ላይ አሰረው፤ ሌላው ጫፍ የሚታሰርበት ቢጠፋ ከባንዲራው ገመድ ጋር ቋጠረው። ይህን የሚያህል ብልኃት ያፈለቀውን ሰው ባገኘው ጉልበቱን እስም ነበር።

ሩጫው ራሱ እንዴት ደስ ይል ነበር መሰለዎ! እናቶች እልል ይላሉ፣ ሱቅ ጠባቂው ሁሉ በር ላይ ወጥቶ ስሜን እየጠራ «በርታ» ይለኛል፣ እኔም እጅ እየነሣሁ እሮጣለሁ። እጅ ስነሣ ሃያ ስምንት ሰው አምልጦኝ፣ ሃያ ዘጠነኛውም ሲያልፈኝ ይቅናህ ብዬ መረቅሁት። ከኬላው ስመለስ ግን ዞር ብዬ አየሁ፤ አቶ ታፋ ገና ከኬላ ጠባቂው ጋር ስለ ከብቱ ደኅንነት ይጠያየቃሉ። ያን ጊዜ በልቤ ሽማግሌዎቼን መረጥኩ፤ የሠርጉንም ድንኳን ተከልኩ።

ከዳገቱ ወገብ ላይ ስደርስ፣ ክቡርነትዎ፣ ጡሩንባው ተነፋ። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሆኖ ሰንደቅ ዓላማው ሊወርድ ነው። በሀገራችን ደንብ ጡሩንባ ሲነፋ ሰው ካለበት ንቅንቅ አይልምና መንገዱ በሙሉ ቀጥ አለ። አንደኛ ሆነው የመጡት መምህር ዋጋሪ ከሪባኑ ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ፤ ሃያ ስምንቱም በየደረሱበት ቆሙ። እኔ ደግሞ ዐሥራ ሁለት ዓመት ስለ ደንብ የጻፍኩ ሰው ነኝና፣ ያነሣሁትን ቀኝ እግሬን ማውረድ መንቀሳቀስ ይሆንብኛል ብዬ በግራዬ ብቻ ቆምኩ።

ነገሩ ቢበዛ የሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ሆኖም ባንዲራው ከግማሽ ሲደርስ ሪባንዎ ከገመዱ ጋር ተጠላልፎ አላስወርድ አለ። ጡሩንባ ነፊው ወታደር፣ ዕድሜ ይስጠው፣ ባንዲራው ሳይወርድ ዜማው ባለቀበት ቁጥር እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሁለተኛ ነፋ፤ ሦስተኛ ነፋ። አራተኛው ላይ ባቴ እንደ ድንጋይ ጠጠረ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አቶ ታፋ ከዳገቱ ግርጌ ገና ብቅ እያሉ ነው። በኋላ ለሰው እንደ ነገሩት፣ ከራሳቸው ትንፋሽ በቀር ምንም አልሰሙም፤ እኛን ቆመን ሲያዩም ሰው ታክቶት ያረፈ መሰላቸው። መቼም ሰው አይተው ዝም ብለው የሚያልፉ አይደሉምና ከእኔ ጀምረው እያንዳንዳችንን «አከም ኦልተን» እያሉ ሰላምታ ይሰጡ ጀመር። ማን ይመልስላቸው? ደንብ ነዋ! አንዱም ከንፈሩን አላላወሰም። አቶ ታፋ ይህን ያህል ዓመት ሥጋ ሲመዝኑለት የኖረው ከተማ በአንድ ምሽት ሲያኮርፋቸው አንጀታቸው ቆስሎ፣ በንዴት ሩጫቸውን አፋጠኑ። ዘብ የቆመው ፖሊስ እንዳያስቆማቸው እጁ ለሰላምታ ግንባሩ ላይ ነው። መምህር ዋጋሪንም ሰላም ብለው መልስ ቢያጡ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ በቦርጫቸው ሪባኑን በጠሱት። ገመዱም ተፈታና ባንዲራው ሰተት ብሎ ወረደ።

ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ ሮጦ ገባ፤ እኔም ቀኝ እግሬን ባወርድ ግራው አልታዘዝ ብሎኝ፣ እየተንፏቀቅሁ በመጨረሻ ገባሁ። ከኋላዬ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አንደኛ ወጣ።

፫ኛ፤ ስለ ፍርድዎ አመሰግናለሁ። መምህር ዋጋሪ አቤት ቢሉ፣ ክቡርነትዎ ባንዲራውን ያስወረዱት አቶ ታፋ ስለሆኑ ክብሩ የእሳቸው ነው ብለው ፈረዱ። የሽልማቱንም ሙክት በግ ለባለ ሥጋ ቤት አስረከቡ። በጉ ራሱ ተቀባዩን አይቶ ወደ ኋላ ሲጎተት ካዩት መካከል አንዱ ነኝ።

፬ኛ፤ ስለ ማኅተሙ አመሰግናለሁ። በማግሥቱ ከክቡርነትዎ ደጅ ጠንቼ የለመንኩት በግ አይደለም፤ ጡሩንባው ሲነፋ ሠላሳኛ እንደ ነበርኩ የሚናገር፣ አንድ መስመር ያለው፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነበር። እርስዎም ምስክር ጠየቁኝ። ከፊቴ የነበሩት ሃያ ዘጠኙ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ስለ ቆሙ አላዩኝም። አቶ ኢዶሳ ራሳቸው ከባንዲራው ሥር ቆመው ዓይናቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ነበርና፣ ያዩት በመጨረሻ ተንፏቅቄ ስገባ ብቻ ነው። አቶ ታፋን ብጠይቃቸው፣ ሰላምታዬን ለነፈገኝ ሰው አልመሰክርም ብለው ቢላዋቸውን መሳል ጀመሩ። ይህን ሁሉ ባስረዳዎ ክቡርነትዎ «ያሰናዳነው ሩጫ ነው፤ ለቆመ ሰው ደረጃ አንሰጥም» ብለው አሰናበቱኝ። እውነቱን ለመናገር እንባዬ መጣ። ለስንት ሰው ርስት፣ ለስንት ሰው ፍቺ ጽፌ ያስፈረድኩ ሰው፣ ለራሴ አንድ መስመር አጥቼ ወደ ጃንጥላዬ ተመለስኩ።

ይህንንም ደብዳቤ የጀመርኩት ያቺን አንድ መስመር እንደገና ልለምንዎ ነበር። ሆኖም ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ አራተኛውን ወረቀት ይዤ ከራሴ ጋር ስሥቅ፣ ወይዘሮ ድርቤ ወንድሟን በክንዳቸው ይዛ፣ የቅቤ ተራ ሴቶችን አስከትላ ከጃንጥላዬ ፊት መጣች። የጻፍከውን አንብብልን አለችኝ፤ አነበብኩ። አቶ ታፋ ሰላም ሲሉን ከምተርክበት ላይ ስደርስ ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀመጡ። አቶ ኢዶሳ ብቻ አልሣቁም፤ ታሪኩ ጥሩ ነው፣ ምስክሩ ግን የታል አሉ። ይህን ጊዜ ወይዘሮ ድርቤ ሣቋን አቆመች።

«እኔ አለሁ» አለች። «ጡሩንባው ሲነፋ እኔ ባንዲራውን አላየሁም፤ አንገቴን አዙሬ እሱን አየሁት። በአንድ እግሩ ቆሟል፣ ታፋ ገና ከታች ነው። ሠላሳኛ ነበር።»

ሰንደቅ ዓላማ ሲወርድ አንገት ማዞር ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ የለምና፣ በሕዝብ ፊት በራሷ ላይ መመስከሯ ነበር። አቶ ኢዶሳ እኅታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እግሬንም እንደ ልማዳቸው ከላይ እስከ ታች መረመሩ። ከዚያም ሽማግሌዎቼ እሑድ እንዲመጡ፣ እኔ ግን በሁለት እግሬ እንድቆም አዘዙ። ክቡርነትዎ፣ አርባ ሦስት ዓመት ኖሬ እንዲህ ያለ ደስታ አላየሁም፤ ባቴ እንኳ መታመሙን ረስቶት ዋለ።

ስለዚህ የማኅተሙን ጥያቄ በክብር አንሥቻለሁ። የተጻፈ ወረቀት መጣል ግን ከሥራዬ ጠባይ ውጭ ስለሆነ፣ ሕዝብ ማታም እንዲያነበው ይህን ደብዳቤ ሪባንዎ ታስሮበት በነበረው የመብራት ምሰሶ ላይ ለጥፌዋለሁ። አምፑሉን ስላበሩልን ለዚህም ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የክቡርነትዎ ዕድሜ እንደ ንግግርዎ እንዲረዝም፣ ሥልጣንዎም እንደ ኮሚቴው ቋጠሮ እንዲጠብቅ ከልብ የምመኝ፣ እጅ ለመንሣት እንኳ ጎንበስ እንድል ባቴ ያልፈቀደልኝ፣ ከሠላሳ አንድ ሰው ሠላሳኛ የወጣሁ፣

ወልደዮሐንስ ተካ
ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከጃንጥላው

ተጨማሪ፤ አቶ ታፋን ቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ ስለ እያንዳንዱ ላማቸው በስም እየጠየቅሁ ግማሽ ቀን ሰላምታ ሰጥቼ ታርቀናል። የቀለበቱ ድግስ የካቲት ፮ ቀን በዐሥር ሰዓት ሲሆን፣ የሚታረደውም አቶ ታፋ የተሸለሙት የእርስዎ ሙክት ነው። እንደ ልማድዎ ሩብ ሰዓት ዘግይተው ከመጡ አጥንቱ ይቆይዎታል፤ ንግግር ካለዎት ግን እባክዎ ከባንዲራው በኋላ ያድርጉት። አንገቷን ያዞረችውን ጥፋተኛ ኮሚቴው ሊከሳት ከፈለገም አድራሻዋ ከሠርጋችን በኋላ የእኔው ቤት ነው፤ መልሷን የምጽፍላት እኔ ነኝ፤ ስጽፍም ተቀምጬ ነው።