በእርሳስ ስለታሸገው ኮፈንና ስለ አንዲት ጥቁር ገመድ

ለተከበሩ የወረዳችን የተሽከርካሪ ስምሪትና ንብረት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ይህ ክረምት ብርዱ የበረታ ስለሆነ ጤናዎን ይጠብቁልን፤ ቢያምዎ እንኳ ቢሮዎም ቤትዎም አስፋልት ዳር ስለሆኑ እኛ ስለ እርስዎ ብዙ የምንሰጋ አይደለንም። እኔም፣ ከሥራ መታገዴን ካልቆጠርነው፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ አንሙት ማሬ እባላለሁ። ከአስፋልቱ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ባለው ጤና ጣቢያ የአምቡላንስ ሾፌር ሆኜ ዘጠኝ ዓመት አገልግያለሁ። በስሜ የጻፍኩልዎ አራት ማመልከቻዎች ከኮሚቴ በቀር መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት አገር ሁሉ ሲያነበው እርስዎም ያነቡት ይሆናል ብዬ ይህን አምስተኛውን በግልጽ ጽፌዋለሁ። አቤቱታ እንዳይመስልብኝም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ።

1ኛ) ስለ ማኅተሙ አመሰግናለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ሌላ ቀበሌ የመኪና ባትሪ በመሰረቁ፣ የወረዳውን መኪኖች ኮፈን በሙሉ በቀጭን ሽቦና በእርሳስ ማኅተም አሳሽገውልናል። ከዚያ ወዲህ አንድም ባትሪ አልተሰረቀም፤ ይህ የማይካድ ነው። የሞተሩን ዘይት ለማየት የፈለገ ሾፌር ማኅተሙን የሚፈታ ሰው ከእርስዎ ዘንድ እስኪላክለት ይጠብቃል፤ ሰውየውም መንገዱ ደረቅ ሲሆን በወር አንድ ጊዜ ከች ይላል።

2ኛ) ስለ ሦስቱ ኮሚቴዎች አመሰግናለሁ። አሮጊቷ መኪናችን ካለፈው መስከረም ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ሲዞርባት መብራቷ ይደበዝዛል፣ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖዋ አንድ ጊዜ አቃስቶ ዝም ይላል። ይህን ባመለከትኩ በሁለተኛው ወር የመጀመሪያው ኮሚቴ መጥቶ ባትሪውን ብቻ ፈቶ በአውቶቡስ ደብረ ማርቆስ ወሰደው። እዚያ ባትሪ የሚሞላው አቶ አብዱልአሊም ሞልቶ፣ አሳድሮ ለካውና አሥራ ሁለት ቮልት ከግማሽ አገኘበት። ባትሪው ምንም አልሆነም፣ ይልቅ መኪናዋን አምጡልኝ ብሎ ቢለምንም፣ በቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው የቃሉ የፊተኛው ግማሽ ብቻ ነው። ሁለተኛው ኮሚቴ ደግሞ ከሌላ መኪና የተፈታ አዲስ ባትሪ ይዞ በጠራራ ፀሐይ መጣ፤ መኪናዋም ለእንግዳ ክብር ይመስል በአንድ ቁልፍ ተነሣች፤ እሷም ጤነኛ ናት ተብሎ ተጻፈ። ሦስተኛው ኮሚቴ ከቢሮ ሳይወጣ ሁለቱን ቃለ ጉባኤ አስተያየ። ባትሪው ያለ መኪናዋ ጤነኛ፣ መኪናዋም ያለ ባትሪዋ ጤነኛ መሆኗን ካረጋገጠ በኋላ፣ የቀረው በሽታ ሾፌሩ ነው ሲል የአያያዝ ጉድለት የሚል ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ። እንዲህ ያለ ምርመራ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

3ኛ) የሰፈራችንን ሰው ስላፋቀሩልን አመሰግናለሁ። መኪናዋን ሁልጊዜ ከጤና ጣቢያው በላይ ካለው ቁልቁለት አፍ ላይ፣ ፊቷን ወደ ታች አዙሬ አቆማት ነበር። ምጥ የያዛት ሴት ስትመጣ ጥሩንባ ይነፋል፤ ጥሩንባ ሲነፋ ከአጨዳም ከማኅበርም እየተነሡ ስምንት አሥር ወንዶች መጥተው ይገፏታል። ተራ አውጥተው፣ የቀረውን እየወቀሱ፣ ራሱን የቻለ ማኅበር ሆነዋል። ከግፊው አንድም ቀን ቀርቶ የማያውቀው ዘማርያም የሚባል ጎረቤቴ ነው። የስንቱን ሚስት፣ የስንቱን እናት በትከሻው አስነሥቶ ሸኝቷል። ሐምሌ ሲገባ ግን ቁልቁለቱ ጭቃ ሆነ፤ ጭቃ ላይ ጎማው ይንሸራተታል እንጂ ሞተሩን አያዞረውም፣ ወንዶቹም በጉልበታቸው ወድቀው ይቀራሉ።

አሁን ደግሞ የራሱ የዘማርያም ሚስት፣ ዜማ፣ ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው ደብረ ማርቆስ በኦፕራሲዮን ነው፤ ሐኪሞቹም ሁለተኛውን ከሆስፒታል ውጭ ልውለድ ብትይ ለሕይወትሽ ያሰጋል ብለው አስጠንቅቀዋታል። ቀኗ ነሐሴ አጋማሽ ነው። እኔ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሐምሌ ሃያ አራት ቀን ነው።

4ኛ) ይህ ምስጋና ሳይሆን ኑዛዜ ነው። ሁለተኛው ኮሚቴ ኮፈኑን በከፈተ ዕለት፣ የራሳችንን ባትሪ ከመለሱት በኋላ ከራሴ ኪስ የገዛሁትን መለኪያ አውጥቼ፣ የኮሚቴውን ጸሐፊ ቁልፍ እንዲያዞር ለምኜ ለክቼ ነበር። ባትሪው ላይ አሥራ አንድ ቮልት ተኩል አለ፤ ሞተሪኖው ዘንድ የሚደርሰው ግን ስምንት አይሞላም። ከሦስት ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ብከተለው ከባትሪው ወደ ሞተሩ አካል የምትሄደው ጥቁር ገመድ ሆና ተገኘች፤ ላስቲኳን ገለጥ ሳደርገው ውስጧ ያለው መዳብ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። መኪናዋ ስትሠራም ባትሪው በደንብ የማይሞላው በዚሁ ምክንያት ነው። ጸሐፊው ሾፌሩ አስተያየት ሰጥቷል ብሎ መዘገበልኝ። እኔም እስከ ሰኔ መጨረሻ ጠበቅሁ፤ ከዚያ የዜማን ሆድ አየሁና ማኅተምዎን በፒንሳ ቆረጥኩት። ክንድ የማትሞላ አዲስ ገመድ ገዝቼ፣ ጫፍ ጫፉን ፍቄ አሰርኩ። መኪናዋ ቁልፉ ገና ሳይዞር የተነሣች ነው የመሰለኝ። አሥራ አንድ ጠዋት በተከታታይ ያለ ማንም እጅ ተነሣች። ገፊዎቹ በለመዱት መጥተው፣ እጃቸውን የሚያደርጉበት አጥተው ቆመው ያዩአት ነበር። ዘማርያም በዚያ ሰሞን ሲስቅ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

5ኛ) በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስለላኳቸው የንብረት ሠራተኛ አመሰግናለሁ። የማኅተሙን መቆረጥ አይተው እኔን ማገዳቸው ሕግ ነው፤ አልከራከርም። ቀጥለው ያደረጉትን ግን እስካሁን ሳስበው እንቅልፍ ያሳጣኛል። አዲሷ ገመድ በንብረት መቀበያው ቅጽ በሞዴል 19 ገቢ ያልሆነች፣ ባለቤቷ የማይታወቅ ዕቃ በመሆኗ ፈትተው በፌስታል አድርገው በፊርማ አስረከቡኝ። አሮጌዋ ገመድ ግን የመንግሥት ንብረት ናትና ከቤቴ አስመጥተው፣ ከነአረንጓዴ ዱቄቷ ወደ ቦታዋ መልሰው አሰሯት፤ ኮፈኑንም በአዲስ እርሳስ አሸጉት። በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን ከእኔ የተረከቡት ሰዎች ሲያዞሩባት አምቡላንሷ አንድ ጊዜ አቃስታ ዝም አለች፤ እስከ ዛሬም ዝም እንዳለች ነው።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ይደክማል። ተናድጃለሁ፣ ከንዴቱም ይልቅ ፈርቻለሁ። ሥራዬን መልሱልኝ አላልኩም፤ ይቅርታም አልጠየቅሁም። ገመዷን በስጦታ ተቀበሉኝና በሞዴል 19 ገቢ አድርጋችሁ እሰሯት ብዬ ቢሮዎ ድረስ በእግሬ መጥቼ ነበር። ስጦታ የሚቀበለው ኮሚቴ በመስከረም እንደሚሰበሰብ በጨዋነት ነገሩኝ። መስከረም መልካም ወር ነው፣ ለዜማ ግን ይርቃል።

መልስ እንደማላገኝ እያወቅሁ፣ ለመንግሥት ንብረት ያለዎት ጥንቃቄ ለዘለዓለም ሳይላላ እንዲኖር፣ ማኅተምዎም እንዳይዝግ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ

የታገደው አገልጋይዎ
አንሙት ማሬ

ግልባጭ፦
ለመኪና ገፊዎች በሙሉ
ባሉበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዘማርያም ትናንት ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ አጣና ቆርጦ፣ ልጦ፣ ቃሬዛ መሥራት ጀምሯል። እስከ አስፋልቱ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር በጭቃ እየተፈራረቁ የሚሸከሟት ያው ገፊዎቹ ናቸው፤ እኔም አንዱ ነኝ። ቃሬዛው በየትኛውም የንብረት መዝገብ ያልሰፈረ መሆኑን አስቀድሜ በታማኝነት እያስታወቅሁ፣ ዜማን አስተኝተን እስክናልፍ ድረስ እንዳያሽጉብን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።