መተንፈሻ የሌለው ሻወር

ጥር 12 ቀን 1961 ዓ.ም.
ልብስ ሳጥብ፣ ዶሮ ሳባርር ዋልኩ። ባለቤቴ ገብረ ጻድቅ ከደሴ ተመለሱ። መሥሪያ ቤታቸው ሁሉ «ጌታው» ይላቸዋል፤ እኔም ለምጄዋለሁ። ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ «ሻወር እንሠራለን» አሉ። ደሴ ሆቴል አይተው ነው። አንዴ ታጠቡና ሠለጠኑ።
መጋቢት ላይ ኢንስፔክተር ይመጣል፤ የሚያርፈው እኛ ቤት ነው። ሻወር ካየ ጌታው ወደ ደሴ ይዛወራሉ። ሐሳቡ ይኸው ነው። ካልሆነስ? አበርገሌ ቆላ መወርወር አለ... ስሙን ሲሰሙ ያልባቸዋል።

ጥር 20
ግንበኛው ካሳ መጣ። ጌታው በከዘራ መሬት እየጫሩ አስረዱት። በርሜሉ ከላይ፣ እጣቢው በቱቦ ወደ ፋጤ ግቢ!
«ጎረቤት ናት እኮ» አልኩ።
«ውሃ ወደ ታች ነው የሚወርድ። እኔ ልለውጠው?»
«እውነት ነው ጌታዬ» አለ ካሳ። ቀኑን ሌሊት ነው ቢሉትም እንዲሁ ይላል።

ጥር 21
ፋጤ ሰምታ ሱቋን ዘግታ መጣች። «ወላሂ፣ በርበሬ ከማሰጣበት ላይ የእርስዎን እጣቢ አልቀበልም!» ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት።

ጥር 24
አዲስ መላ። ቱቦው ወደ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ይገባል።
«ሽታው በዚያው ቢመለስስ?»
«ሲፎን አለ።»
ሲፎን ማለት ውሃ የሚቋጥር ቆልማማ ቱቦ ነው፤ የተቋጠረው ውሃ ሽታውን ያግዳል። ይሁን። ግን ደሴ ስማር የአዳሪ ቤታችን መታጠቢያ ጣሪያ ላይ አንድ ቱቦ ቆሞ ነበር። ሞግዚቷን ጠይቄያት «መተንፈሻ ነው፤ አየር ካላገኘ የሚወርደው ውሃ ሲፎኑን መጦ ያደርቀዋል» ብላኛለች። ይህንኑ ነገርኳቸው።
«ቤቴ ላይ ቱቦ ይቁም? ዳቦ ቤት ነው?»
ቤቴ ይላሉ... አባቴ ለእኔ ያወረሰኝን ቤት።

የካቲት 18
አለቀ። ለመጣ ሰው ሁሉ በሩን ከፍተው ያሳያሉ። አንድ ጣሳ ውሃ አፍስሰው «አየሽ? ሽታ የለም!» አሉኝ። በርሜሉን የምንሞላው እኔና አህያዋ ነን።

መጋቢት 9
እንግዳው ኢንስፔክተር ገቡ። በርሜሉ እስከ አፉ ሙሉ ነው። እየታጠቡ ሲያዜሙ ይሰማል። ከዚያ ወለሉ እንደ ታመመ ሆድ አጉረመረመ... ከዚያ ዝም። ከዚያ ሽታው። ዜማው ቆመ። ሳሙናው ጆሯቸው ላይ እንዳለ ፎጣ ታጥቀው ወጡ፤ ሽታውም ገበታ ድረስ ተከተላቸው።
ጌታው ምን አሉ? «የሴት ሥራ ነው ጌታዬ። እሷ ናት ያሠራችው።»
ጆሮዬ ጋለ። «እኔማ ቱቦው በጣሪያ ይውጣ ብዬ ነበር። ዳቦ ቤት ነው ወይ ብለው የከለከሉኝ እሳቸው ናቸው» አልኩ።
እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ? እንግዳው ሳቁ። ጌታው አልሳቁም።

መጋቢት 11
አያናግሩኝም። ቢሮ ሲሄዱ ካሳን አስጠራሁት።
«ጌታው ፈቅደዋል?»
«እኔ ፈቅጃለሁ።»
አመነታ... «እውነት ነው እመቤቴ።» ቆርቆሮውን ነድሎ ቱቦውን አቆመ። ጌታው ሲገቡ ቀና ብለው አዩት።

መጋቢት 12
ሽታ የለም። ጌታው ማለዳ ተነሥተው ታጠቡ። ምስጋና? እሱስ የለም።

ሚያዝያ 23
ዝውውሩ መጣ። አበርገሌ።
«ሰኞ እንወርዳለን» አሉ።
«እርስዎ ይውረዱ።»
«አንቺስ እዚህ ምን ልትሆኝ?»
«ቤቴ ነው። እኖራለሁ።»
እስኪቆጡ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። ተቀመጡ። እንዲህ ማርጀታቸውን እስከ ዛሬ እንዴት አላየሁም?

ሚያዝያ 27
ሄዱ። በቅሎዋ ላይ ሆነው «ደህና ሁኚ ይታየሽ» አሉ። በስሜ ከጠሩኝ ስንት ጊዜ... ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ። ለምን? እንጃ።
ከዚያ ፋጤን ጠራኋት። በርሜሉን አብረን ሞላን። መጀመሪያ እሷ ገባች። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ...
«አንቺ ሴትዮ፣ ውሃ አስተርፊልኝ እንጂ!»
«ወላሂ አልወጣም!» አለች ከውስጥ።