ይሁዳን ሥለው ይላኩልኝ

ጥር 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአለቃ ነጋሽ፣ አሰበ ተፈሪ።

እንደምን ከረሙ? ከናፍቆትዎ በቀር እኔ ደህና ነኝ።

እዚህ ትምህርት ቤት የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህራችን ወር ሙሉ የግሪክ ሐውልት ካስሸመደደን በኋላ ለአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አንድ ሰዓት ሰጠ። በዚያችም «ይሁዳ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ሰዓሊዎቻችን ፊት መሣል ስለማይችሉ ነው» አለ። ተነሥቼ፣ ጻድቅ በሁለት፣ ከሃዲ በአንድ ዓይን መሣሉ ሥርዓት እንደሆነ ቀለም እየበጠበጥኩልዎ መማሬን ነገርኩት። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ አልተቀመጥኩም። «ማስረጃ አምጪ» ብሎኛል፤ አመጣለታለሁ።

እህቴ ዘርፈሽዋል፣ ለሂርና ቤተ ክርስቲያን የሚሆነውን የገብርኤል ሥዕል በቀትር ብርሃን ብቻ ደጅ ወጥተው እንደሚሥሉ ጽፋልኛለች። ያለፉት ሦስት ደብዳቤዎችዎም እንደ ድሮው በእርስዎ ሳይሆን በእሷ እጅ የተጻፉ ናቸው፤ ጽሕፈቷ ያምራል። ለማስረጃው ግን አንድ ይሁዳ ይላኩልኝ። በእርሳስም ይሁን፣ ቢጣመምም ግድ የለም፤ ብቻ እርስዎ ራስዎ ይሣሉት።

ጉልበትዎን ስማ የምትሰናበት ልጅዎ፣
ሳህሊቱ